አትተኙ ባዩ ኒቢጊኛ

በካሪቢያን ባሕር ላይ፣ በእኛ በጉናዎች ደሴት፣ የኒቢጊኛ ሥራ መጮህ ነው። ሳይላው፣ ማለትም የመንደራችን አለቃ፣ መሰብሰቢያው ቤት ውስጥ ተንጠልጣይ አልጋው ላይ ተጋድሞ የአባቶችን ነገር ሲያዜም፣ ቀኑን ሙሉ ኮኮናት ሲያወርድና ዓሣ ሲያጠምድ የዋለ ሰው ዓይኑ ይከብደዋል። ይሄኔ ኒቢጊኛ ዱላውን ይዞ ከጥግ ይነሣና "አትተኙ! ስሙ!" ብሎ ያምባርቃል። ሕፃን ያለቅሳል፣ ውሻ ይጮኻል። ሚስቱ ዲዊግዲሊ ደግሞ፣ "ኧረ ጆሮዬን! አንተ ሰውዬ፣ ቤትም እኮ አላስተኛኸኝ!" ስትለው ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ አይስቅም። ያልሰማ ሰው ምኑን ይወስናል ባይ ነው።

የብስ ላይ ያለው የአውራጃው ምክር ቤት ለእኛ ወንበር ሰጥቶን ነበር፤ ድምፅ ግን አልሰጠንም። የሳይላው የልጅ ልጅ፣ የኒቢጊኛም የወንድሙ ልጅ ብሪሴይዳ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ውሃችንና ስለ ጀልባ ማረፊያችን ተናገረች። ሲወሰን ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ማየት ብቻ። ዛሬም ሳስበው ንድድ ይለኛል። በመጨረሻ ደሴቶቹ ድምፅ ይኑራቸው የሚለው ሐሳብ ለውሳኔ ቀረበ። ያን ቀን ከወደቀ እስከሚቀጥለው ምርጫ ድረስ አይነሣም።

ጀልባውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ኒቢጊኛ ሽማግሌዎቹን ወክሎ መጣ። ብሪሴይዳ መንገዱን ሙሉ ስትለምነው ነበር።

"አጎቴ፣ እዚያ ቤት ተመልካች ትንፍሽ አይልም። ቃል ይግቡልኝ።"

"ቢያንቀላፉስ?"

"ያንቀላፉዋ! እርስዎን ምን አገባዎት?"

"እሺ ልጄ፣ ዝም ጭጭ ነው የምለው።"

ከአሥሩ ድምፅ ሰጪዎች ስድስቱ ሊደግፉን ቃል ገብተው ነበር፤ የሚያስፈልገንም ስድስት ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የእኛ ጉዳይ ከምሳ በኋላ ሆነ። ምሳው የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ ነው፤ አዳራሹ ይሞቃል። የበጀቱ ንባብ ሳያልቅ ከስድስቱ ሦስቱ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጣሉ። ዞሬ ኒቢጊኛን አየሁት። ላብ አጥምቆታል፤ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

ሰብሳቢው የእኛን ሐሳብ ባንድ ትንፋሽ አንብቦ "የምትደግፉ፣ እጅ!" አለ።

ሦስት እጅ ወጣ። ሦስት ብቻ! ብሪሴይዳ ፊቷ አመድ መሰለ። ሰብሳቢው "እንግዲህ..." ብሎ መዶሻውን አነሣ።

"አትተኙ! ስሙ!"

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አንዱ የውሃ ብርጭቆውን ደፋ፤ አንዷ "እመቤቴ ድረሽ!" ብላ ብድግ አለች። ሦስቱ እንቅልፋሞች ግራ ቀኙን አዩ፣ ብሪሴይዳን አዩ፣ ነገሩ ገባቸውና እጃቸውን አወጡ። ጸሐፊዋ ቆጠረች። ስድስት! ሐሳቡ አለፈ፤ ሥራ ላይ የሚውለውም ከዚያችው ደቂቃ ጀምሮ ነው። ካጠገቤ የነበረውን የማላውቀውን ሰው አቅፌ ሳምኩት።

የሰብሳቢው ፊት ግን በርበሬ መስሏል።

"ይህ ሰው ይውጣ! ደንብ ደንብ ነው፤ አሁኑኑ ድምፅ ይሰጥበት!"

አምስቱ ይውጣ አሉ፣ አምስቱ ይቆይ አሉ። ሰብሳቢው ተናዶ ራሱ ሊወስን ሲል ጸሐፊዋ ክንዱን ነካ አድርጋ ወደ ብሪሴይዳ ጠቆመችው።

"ወይዘሮ ብሪሴይዳ..." አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እርስዎስ?"

ብሪሴይዳ አጎቷን አየችው። እኛም ጋ ቢሆን ስብሰባ የበጠበጠ ይወጣል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። እጇን ከጭኗ ላይ አነሣች።

"ይውጣ" አለች።

"ስድስት" አለች ጸሐፊዋ፣ እየጻፈች።

ዘበኛው ክንዱን ይዞ ሲያስወጣው ኒቢጊኛ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎበት አንገቱን ወደ አዳራሹ አዙሮ ይጮኻል፦

"አያችሁ? ተቆጠረች! እኔን ያስወጣችኝ እኮ የኛዋ ልጅ ናት!"