ዲኤክሷ ክላሲክ የሆነችበት ቅዳሜ

አዳማ ውስጥ ስለ መኪና ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ እስካሁን አልተዋወቅንም። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ ኮፈን ከፍቼ ነው የተማርኩት። ሞተር አዳምጬ "ይቺ ነገ ትቆማለች" ካልኩ ትቆማለች። ባለቤቴ "አንተ ስለነካካሃት ነዋ" ትላለች። ምቀኝነት ነው።

ስለዚህ የቤታችንን ዲኤክስ "ክላሲክ ናት" ስል ዝም ብዬ አፌ ላይ የመጣልኝን እያወራሁ አይደለም። አባቴ የገዛት ነጭ መኪና ናት። ነጭ የምለው ሊብሬዋ ላይ እንደዛ ስለተጻፈ ነው፤ አሁን ጣሪያዋ እርጎ፣ በሮቿ ደግሞ ማኪያቶ መስለዋል። እኛ ልጆቹ በሙሉ ከኋላ ወንበሯ ላይ ተደራርበን ነው ያደግነው። እህቶቼ በሷ ተዳሩ። የሰፈሩ ሴት ምጥ ሲይዛት በሷ ሄደች፤ የእድሩ ድንኳን፣ የእድሩ ድስት፣ የጎረቤት የበዓል በግ፣ ሁሉም በሷ ነው የተመላለሰው። ጣሪያዋ ላይ ያለውን ፖርቶመጋላ አባቴ ራሱ ነው በብሎን ያሰረው፤ አልጋ ተጭኖበት ያውቃል፣ አንዴም አልጋው ላይ የተኛ ሰው።

ችግሩ የመጣው ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ ነው። ድምፅ የላቸውም። ከኋላህ መጥተው ቀስ ብለው ሲቆሙ ኪስ አውላቂ ነው የሚመስሉት። ባለቤቴ ግን ወደደቻቸው።

"ሰው መኪናውን እንደ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፤ እኛ እንገፋለን" አለችኝ አንድ ቀን።

"መግፋት ስፖርት ነው።"

"ስፖርቱ ይብቃኝ። ሞጆ ደረቅ ወደቡ ጋ ዕቃ የሚያመላልስ ሰውዬ ሰኞ መጥቶ ሊገዛት ነው።"

እዚህ ላይ ነው ክላሲክ የሚለውን ቃል የመዘዝኩት። የድሮ መኪና ያላቸው የአዲስ አበባ ሰዎች በዛው ሳምንት ቅዳሜ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል እንደሚሰበሰቡ ሰምቼ ነበር። "እነሱ ይፍረዱ" አልኳት። አሰበችበት።

"ክላሲክ ናት ካሉ ትቀመጣለች። አይደለችም ካሉ ሰኞ ትሄዳለች። ማልቀስ የለም።"

"ማነው የሚያለቅሰው?"

"አንተ ነሃ።"

ቅዳሜ ጠዋት ዲኤክሷን አጠብኳት፤ ሳሙናው እንኳን ደንግጦ ነበር። ባለቤቴ ፍርዱን በጆሮዋ ለመስማት አብራኝ ሄደች። በአሮጌው መንገድ ነዳን፤ በፈጣኑ መንገድ ላይ ሁሉም ክላክስ ስለሚያደርግብን ክብራችን ይነካል።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ መኪኖቹ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል። ባለቤቶቻቸው ለስላሳ ጨርቅ ይዘው አራስ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው ያሻሿቸዋል። ሰብሳቢያቸው ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ነበር፤ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ቀይ መኪና አለችው፤ አንዱ ወንበር ለሱ፣ ሌላው ለኮፍያው። መጥቶ ዲኤክሷን አንድ ዙር ዞራት።

"ይቺ እንኳን የቤተሰብ መኪና ናት ወንድሜ" አለኝ። "እንዲህ ዓይነቱ አገር ሙሉ ነበር። ክላሲክ የሚባለው ብርቅ ሲሆን ነው።"

"ነበር አሉ አይደል ጌታዬ? እስቲ አሁን ዞር ዞር ብለው ሌላ ያሳዩኝ።"

ዞር ዞር አለ። ጉድ እኮ ነው፣ ግቢው ውስጥ አንድም ዲኤክስ አልነበረም። ሁሉም ሰው "ተራ ናት" እያለ ሸጦ፣ ቆርጦ፣ ለመለዋወጫ በትኖ ጨርሷታል። የሱ ቀይ መኪና ግን እዛው ረድፉ ላይ እህትም ወንድምም ነበራት። ሰውዬው ይሄን በልቡ ቆጥሮት መሰለኝ ኮፈኑን አስከፈተኝ። ሞተሩ የራሷ ነው። መሪው የራሷ፣ ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት የራሷ፣ ፊውዟ ላይ የተጠቀለለው የሲጋራ ወረቀት እንኳን ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው።

"ይገርማል" አለ በመጨረሻ። "እንቀበላታለን።"

ባለቤቴን አላየኋትም። ደግ ሰው ስለሆንኩ ነው።

"ግን" አለ ሰውዬው፣ "ይሄን ፖርቶመጋላ ታወልቃለህ። ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል። በሸራ ትሸፍናታለህ፣ በወር አንዴ ታንቀሳቅሳታለህ። ከእንግዲህ ይቺ መኪና ዕቃ የሚባል ነገር አታይም። በሚቀጥለው ሳምንት አዳማ መጥቼ አያታለሁ፤ እንዳልኩህ ከሆነ አባል ነህ።"

ስንወጣ ባለቤቴ "ታዲያ ሥራዋ ምንድነው?" አለችኝ።

"መታየት።"

"በሸራ ተሸፍና ማን ያያታል?"

ያሸነፈ ሰው ለሁሉም ጥያቄ አይመልስም። እያፏጨሁ ነዳሁ።

እስከ መቂ ድረስ አፏጨሁ። እንግዲህ የአዳማ ሰው መኪና ይዞ መቂን ካለፈ ሽንኩርት ሳይጭን አይመለስም። ባዶ መኪና ይዞ የገባ ሰው ሰፈሩ የሚያየው ለቅሶ ያልደረሰን ሰው በሚያይበት ዓይን ነው። መንገዱ ዳር ቀዩ ሽንኩርት ተቆልሏል፣ አጠገቡ ቲማቲም በሳጥን። ባለቤቴ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

"ቀስ በል" አለች።

"ለምን?"

"ለማየት ነው።"

ቆምን። ሻጯ ሴትዮ "አካም ጅርቱ! ኮታ፣ ኑ፣ ኑ፣ ዛሬ ጠዋት የተነቀለ ነው" እያለች መጣች። ባለቤቴ አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። የእህቷ ልጅ ሠርግ ደርሶ ነበር፤ ሽንኩርቱን አምጪ የተባለችው እሷ ናት።

"ልጫን?" አልኳት።

"ጫን አልወጣኝም። ሽንኩርቱን ነው ያየሁት፤ ደህና ነው።"

"ደህና ነው።"

"ኤሌክትሪክ መኪና ቢኖረን ይሄኔ ጭነናል።"

"በምን ፖርቶመጋላ?"

ሁለታችንም ተያዝን። እኔ ከጫንኩ ዲኤክሷ ክላሲክነቷ ይቀርና ሰኞ ትሄዳለች። እሷ "ጫን" ካለች ደግሞ መኪናዋ ትሠራለች ብላ በአፏ መሰከረች ማለት ነው። ፀሐዩ አናታችንን እየበሳው ቆመን ተፋጠጥን።

"ተጣልታችሁ ነው?" አለች ሻጯ።

"ኧረ አይደለም፤ አባል ሆነን ነው" አልኳት።

በዚህ መሃል ከኋላችን ክላክስ ሰማን። ያ ሁሉ የባቱ ክላሲክ ተከታትሎ መጥቶ ቆመ። ከፊት ያለችው ቀይዋ ናት። ባለ ኮፍያው ወርዶ እኛን ሰላም ሳይል ሽንኩርቱ ጋ ሄደ፤ መረጠ፣ ተከራከረ፣ ሁለት ጆንያ አስሞላ፣ ቲማቲምም ጨመረ። ከዛ ወደ መኪናው ዞሮ አያት። ወደ ኮፍያው ወንበር አየ። ወደ ኔ ጣሪያ አየ።

"ወንድሜ፣ አዳማ ነህ አይደል? ያዝልኝና ነገ ሾፌሬ መጥቶ ይወስደዋል።"

"ዕቃ አታይም ብለው ነበር እኮ።"

"ከነገ ጀምሮ ነው" አለኝ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቋን ስትጨርስ ወደ ሰውዬው ዞረች።

"ክላሲክ አይጭንም ጌታዬ፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት። ይቺ ግን የቤተሰብ መኪና ናት።" ከዛ ለሻጯ፣ "እቱ፣ መጀመሪያ የኔን አስጭኚልኝ፤ የሳቸው ከላይ ይሆናል።"

ሰውዬው ራሱ ገመድ ይዞ አሰረ፤ ለካ አስተሳሰር ያውቃል። እያሰረ "እንግዲህ እንዲህ ከሆነ በአባልነት አልመዘግብህም" አለኝ በሹክሹክታ።

"ጠበቅ ያድርጉት ብቻ" አልኩት።

ዲኤክሷ ኋላዋ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ከፍ ብሎ ተነሳች። ባለቤቴ ከሳጥኑ የተረፈውን ቲማቲም ጭኗ ላይ ይዛ መንገድ መንገዱን ታያለች። እኔ ሰኞ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ፈራሁ። ሞጆ ልንገባ ስንል ስልኳን አወጣችና ለገዢው ደወለች።

"ሰኞ እንዳትመጣ" አለችው። "አይ፣ ዋጋውን ብለን አይደለም። አልተበላሸችም። ሥራ በዝቶባት ነው።"

ስልኩን ዘግታ ቲማቲሙን አስተካከለች።

"ምን ታየኛለህ? መንገድህን እይ" አለችኝ።

ማርሽ ቀነስኩ፤ ከፊታችን ዳገት ነበር።