ሽማግሌው ይረሳል

ሰበታ ባለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ጥበቃ ነኝ። የመጋዘኑን መዝገብ የሚይዘው፣ ዩኒክስ የሚሉት ያረጀ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው። ኮምፒውተሩ ጠዋት ጠዋት ቆሞ እየተገኘ ስላስቸገረ ሁለት ባለሙያዎች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ከአዲስ አበባ መጡ። ሜሞሪ የሚባለውን የማስታወሻ ክፍሉን ነቅለው ቀየሩ፤ መጠኑን ጨመሩ፣ ቀነሱ፤ ለውጥ የለም።

በሦስተኛው ቀን በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ ሴቲቱ ለጓደኛዋ፣ "ሽማግሌው በቃው። የያዘውን ሁሉ ይረሳል" ስትል ሰማሁ።

"ዕድሜውም ሄዷል። ሰኞ ይነሳና አዲስ ይተካ" አላት።

ስለ እኔ የሚያወሩ መሰለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ሌላ ሥራ ይሰጠኛል? ሳላስበው ዘው ብዬ ገባሁ።

"ልጆቼ፣ እኔ ምን ረሳሁ? አንድ ቀን እንኳ በር ሳልቆልፍ ሄጄ አላውቅም!"

ተያዩና በሳቅ ፈረሱ።

"ኦቦ ቶሎሳ፣ ሽማግሌ ያልነው እኮ ኮምፒውተሩን ነው!" አለችኝ። "እርስዎንማ ማን ይነካል?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ ዝም ብዬ መውጣት ነበረብኝ። እኔ ግን ታማኝነቴን ላስረዳ ብዬ፣ "ለእሱም ቢሆን እንደ ሰው ነው የምጠነቀቅለት። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ በጋቢዬ ጥቅልል አድርጌ እሸፍነዋለሁ፤ ጠዋት ሳትገቡ አነሳለታለሁ" አልኳቸው።

ሳቁ ቆመ። ሴቲቱ መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አባባ፣ ሲግል አድሮ የሚቆመው ለካ ታፍኖ ነው!" አለችኝ። "ሦስት ቀን ሙሉ ስንፈልግ የከረምነው እኮ እርስዎን ነው።"