ታርጋ የሚያካፍሉት ሰው

ሾላ ገበያ፣ የየካ ሚካኤል ታክሲ ሰልፍ ላይ ታርጋ የሚመዘግቡትን ሽማግሌ «ጆሮ ጠቢ ነው» ብለን ጨርሰን ነበር። ወሬውን ጨው ጨምሬ ያዞርኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠው ዘውድነሽ በትከሻቸው አሻግራ ደብተራቸውን ብታይ ግን ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

ክርኑ የተጣፈ ኮት ይለብሳሉ፤ ከሥሩ ጥቁር ሸሚዝ አይለያቸውም። ታክሲ በመጣ ቁጥር የታርጋው ቁጥር ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደተገኘ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን «10403!» አሉ፣ ተራቸው እያለፈ። «መቶ አንድ በመቶ ሦስት!»

«ጋሼ፣ ሎተሪ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ልምምድ ነው።»

ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ ገጹን የሞላው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እንደነገሩን፣ የሞተች ልጃቸው ኮምፒውተሯ ላይ የጻፈችውን ሁሉ የቆለፈችው በዚህ ቁጥር ነው፤ ተባዝተው እሱን የሰጡትን ሁለት ቁጥሮች ያገኘ ይከፍተዋል። ያሳዩት ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ «የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ቢያግዝዎትም ዕድሜዎ አይበቃም» ብሏቸዋል።

ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱት። ታክሲ መጥቶ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ፣ ማንንም ሳያዩ፣ «ስትቆልፈው እኔንም ከሌባ ቆጥራኝ ይሆን?» አሉ።

እሳቸውን አስቀድመን ተሳፈርን።