ባለ ጥቁር ክዳኗ ብልቃጥ፦ ከኦሬንጅ ፋርም እስከ ትሮይቪል

አርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ዛሬ ከምኖርበትና ከምነግድበት ሰፈር፣ ከኦሬንጅ ፋርም የተነሳሁት ካልሲዬ ውስጥ ትንሽ የዘይት ብልቃጥ ደብቄ ነው። አውራ ጣት የምታክል፣ ጥቁር ክዳን ያላት፣ አንድም ጽሑፍ የሌለባት ብልቃጥ ናት። ውስጧ ያለው ምን እንደሆነ ዛሬውኑ ካላወቅኩ ደሳለኝ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ስጽፈው ያጋነንኩ ይመስላል፤ አላጋነንኩም።

ደሳለኝ የሆሳዕና ልጅ ነው። ከእኔ ሱቅ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ስፓዛ አለው፤ እዚህ የሰፈር ሱቅን ስፓዛ ነው የሚሉት። የስኳር በሽተኛ ነው። የራሱ ፍሪጅ ስለተበላሸ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው እኔ ጋ፣ ከለስላሳው ጀርባ ነው። በየጠዋቱ ይመጣል፣ በብረት ፍርግርጉ በኩል አቀብለዋለሁ፣ ተወግቶ ይመልስልኛል። ከረቡዕ ወዲህ ግን አልመጣም። ትናንት ሄጄ ሳየው ከንፈሩ ደርቆ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣ ነበር። ክሊኒክ እንሂድ ብለው፣ መርፌህን ውጋ ብለው፣ ብለምነውም እንቢ አለ።

"እግዚአብሔር ፈውሶኛል። በመርፌ ልሰድበው ነው እንዴ?" አለኝ።

ፈውሱ የተነገረው ረቡዕ ማለዳ ነው። ቤተ ክርስቲያን በኮሮናው ሎክዳውን ከተዘጋ ጀምሮ የምንጸልየው በስልክ ነው፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ያህል ሰው አንድ መስመር ላይ ይገናኛል። የምትመራን አክስቴ ዘነበች ናት፤ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የምትኖረው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትጸልይ፣ ትንቢት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። ረቡዕ ግን በጸሎቱ መሃል ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ "ደሳለኝ! ብርሃን አየሁብህ! ደምህ ነጽቷል፣ መርፌውን ተወው!" አለች። መስመሩ በሃሌ ሉያ ተናወጠ። እኔም አሜን ብያለሁ፤ መቼም አልክድም።

ጸሎቱ እንዳለቀ ልስማት ወደ ክፍሏ ሮጥኩ። ዓይኗ ቀልቷል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አንድ ሙሉ ዳቦ እየገመጠች "ይሄ ዳቦ እንዲህ ይጣፍጥ ነበር?" ትለኛለች። ጠረጴዛዋ ላይ ይቺ ብልቃጥ ነበረች። እኔ ነኝ የገዛሁላት። ያኔ ዘይቱን ተጠራጠርኩት።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ታክሲ ውስጥ

ወደ ከተማ ሃያ ስምንት ራንድ ከፈልኩ። ሒሳቡ ከኋላ ወንበር እጅ ለእጅ ወደፊት ሲሄድ፣ ሳኒታይዘሩ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ይመጣል። ለኮሮና ሲባል መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ የሐምሌ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሐምሌ እዚህ ዝናብ የሌለበት ደረቅ ብርድ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ቁርሴ በማስክ ስር እየሾለከ የሚበላ ሁለት ማግዊኛ ነበር፤ ያው የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል፣ ያለ ስኳር የተጠበሰ ሊጥ።

መንገዱ ላይ ፖሊስና ወታደር አስቁመው ሁላችንንም አወረዱን። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፤ ቢሮው ስለተዘጋ የሁላችንም አልፏል። ወታደሩ ግን ወረቀቴን ትቶ የማግዊኛውን ከረጢት ከፍቶ አሸተተ።

"የት ነው የምትሄደው?"

"መድኃኒት ልገዛ ጌታዬ።"

ዋሽቼ ሳይሆን ፈርቼ ላበኝ። በዚያ ብርድ ካልሲዬ ረጠበ። ማማ የሚሏቸው አንዲት ትልቅ ሴት ከኋላዬ "ልቀቀው ልጄ፣ ቁርሱ ነው" አሉት በዙሉ ቋንቋ፤ ወታደሩ ሳቀና አሳለፈኝ።

አራት ሰዓት፣ ዮቪል

ስለ ዮቪል ከመጻፌ በፊት ጥፋቴን ልናዘዝ። አክስቴን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሕመም እንቅልፍ ሲነሳት አንድ ፋርማሲ ገብቼ ጠየቅኩ። ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጥ ሲቢዲ የሚባል ዘይት ሰጡኝ፣ ሦስት መቶ ራንድ። ጠርሙሱ ላይ የካናቢስ፣ ያው የሐሺሽ ቅጠል ተስሏል። አክስቴ ያንን ቅጠል ብታይ እኔንም ጠርሙሱንም ወደ ውጭ ትወረውረን ነበር። ስለዚህ በሙቅ ውሃ ነክሬ ወረቀቱን ላጥኩት። ተኛችበት፣ መረቀችኝ። ሲያልቅ አንድ ደንበኛዬ ዮቪል ገበያ "ያው ዘይት" በመቶ ሃያ እንደሚገኝ ነገረኝ። ያው ቅጠል፣ ያው ጠብታ፣ ከግማሽ በታች ዋጋ! ራሴን እንደ ብልህ ቆጥሬ ገዛሁ።

ገበያው ግማሹ ተዘግቷል። ሻጯ ማማ ጆይስ ግን ቅጠላ ቅጠሏን ዘርግታ ቦታዋ ላይ ነበረች። በዙሉ ሳውቦና ብዬ ሰላም ካልኳት በኋላ ካልሲዬን ወረድ አድርጌ ብልቃጧን አሳየኋት።

"አዎ፣ የኔ ናት። ጥቁሩ ክዳን ጠንካራው ነው" አለች።

"ጠንካራው ማለት?"

"ወደ ላይ የሚወስደው። አረንጓዴ ክዳን ያለው ነው የእንቅልፉ። አንተ እኮ 'ጠንካራውን' አልከኝ።"

ብያለሁ! ለሕመም ጠንካራውን ስጪኝ ነው ያልኩት።

"እሺ፣ ጥንካሬው ምን ያህል እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?"

"አጎቴ ይቀምሰዋል" አለች፣ ምንም ሳትሳቀቅ። "ሲዘፍን ጥቁር ክዳን፣ ሲተኛ አረንጓዴ።"

የሠላሳ ሰው ጸሎት፣ የአንድ ሰው ነፍስ፣ በማማ ጆይስ አጎት ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል! ልቆጣት ፈለግኩ፣ ግን ምን ብዬ? ሰውዬው የሚዘፍንበትን ዘይት ገዝቼ ለአክስቴ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ትሮይቪል

ከዮቪል ወደ ትሮይቪል በእግሬ ወረድኩ። እዚያ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ሕይወት የምትባል የአገሬ ልጅ አገር ቤት ፋርማሲስት ነበረች፤ እዚህ ፈቃድ እስክታገኝ ረዳት ናት። የምሳ ሰዓቷን ጠብቄ ከሱቁ ጀርባ ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆምን። ሁሉንም ነገርኳት። ብልቃጧን ከፍታ አሸተተች።

"በማሽተት ልነግርህ አልችልም፣ ላብራቶሪ ይፈልጋል" አለች። "ግን አክስትህ የሆነችው ነገር የቲኤችሲ ይመስላል።"

"ያ ደግሞ ምንድነው? እኔ የማውቀው ሲቢዲን ነው።"

"ሁለቱም ከአንድ ተክል ነው የሚወጡት፤ እህትማማች በላቸው። ሰውን የሚያሰክረው፣ የሚያስቀው፣ የሌለ ነገር የሚያሳየው ቲኤችሲ ነው። ሲቢዲ አያሰክርም። ፋርማሲ የገዛኸው ላይ ስንት ሚሊግራም ሲቢዲ እንዳለው ተጽፏል። ሰው ጓዳው ያፈላው ዘይት ውስጥ ግን ተክሉ የያዘው ሁሉ ይገባል። ስንት ጠብታ ወሰደች?"

"እንደ ድሮው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ወሰደች፣ አልተሰማትም፣ አሥራ አንድ ላይ ደገመች።"

ሕይወት ዓይኗን ጨፈነች። "በአፍ ሲወሰድ ቲኤችሲ ቶሎ አይሰማም፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሰው አልሠራም ብሎ ይደግማል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ! ልክ ጸሎቱ ሲጀመር!

"አክስትህ የደም ግፊት ኪኒን ትወስድ የለ? ዋናው ሲቢዲም ቢሆን ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። ሐኪሟን ጠየቅክ?"

አልጠየቅኩም። መጠየቅ የነበረብኝን ስትቆጥርልኝ ጣቷ አልበቃትም።

"አሁን እሱን ተወው" አለች። "ልጁ ኢንሱሊን ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መርፌውን ብቻ እንዳትሰጠው፣ ዛሬውኑ ክሊኒክ ይግባ። ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድ!"

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ኦሬንጅ ፋርም

የመመለሻው ታክሲ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። ያቺ ሰዓት ከጠቅላላው ጉዞ ትረዝማለች። ሹፌሩን ለአምስት ባዶ ወንበር ልክፈል ብዬው "ማይ ፍሬንድ፣ ተረጋጋ" አለኝ።

አክስቴ እግሯ ላይ ጋቢ ጣል አድርጋ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች። ከበሩ ላይ ቆሜ፣ ማስኬን እንኳ ሳላወርድ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ፊቴን አየች።

"ሐሺሽ ነው ያጠጣኸኝ?"

"አውቄ አይደለም፣ አክስቴ።"

"በሐሺሽ ነው ትንቢት የተናገርኩት?" መጽሐፉን ዘጋች። በሕይወቴ ሰው እንዲህ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም፤ ያስደነገጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለደሳለኝ ብቻ በቀስታ እንንገረው አልኳት። ስሟን ለማዳን ነበር። የኔንም።

"በሰው ሁሉ ፊት ነው የተናገርኩት። ስልኩን አምጣና ሁሉንም ጥራ።"

አንድ በአንድ ደወልኩ። ሩብ ጉዳይ ለአሥራ ሁለት መስመሩ ሞላ። ደሳለኝም ገብቷል፤ ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል።

"ወገኖቼ" አለች አክስቴ፣ "ረቡዕ የተናገርኩት ከእግዚአብሔር አይደለም። ሳላውቅ የሚያሰክር ዘይት ጠጥቼ ነበር። ደሳለኝ ልጄ፣ እኔ ብርሃን አላየሁም፣ ሰክሬ ነበር። ይቅር በለኝና መርፌህን ውጋ።"

የደሳለኝ ድምፅ መጣ፣ ደረቅና ቀጭን።

"ያ የተሰማኝ ሰላምስ፣ እህት ዘነበች? እሱም ዘይት ነው?"

አክስቴ አለቀሰች። "ሰላሙ ያንተ ነው ልጄ። ማንም አይወስድብህም። አሁን ግን ና።"

ልይዘው ወጣሁ። እስክደርስ ድረስ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ መንገድ ጀምሮ ነበር። የሱቄ ፍርግርግ ጋ ደርሶ ተደገፈና፣ እንደ በየጠዋቱ እጁን በብረቱ መሃል ሰደደ።

"ከለስላሳው ጀርባ ያለችውን ስጠኝ።"

ኢንሱሊኑን ያዝኩና በጎረቤቴ መኪና ክሊኒክ አደረስነው። በደም ሥሩ ፈሳሽና ኢንሱሊን ሰጥተው አስተኙት። ነርሷ አንድ ቀን ቢቆይ ኖሮ ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው።

ቤት

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብኝ ገባሁ። የቀረውን ዘይት ሽንት ቤት ደፍቼዋለሁ። ብልቃጧን ስገዛ ሁለቱ ዘይቶች አንድ ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ልዩነታቸውን አውቃለሁ። ለማወቅ ስድሳ ራንድ የማይሞላ ታክሲና አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ የጠየቅኩት ግን ሰው ሊሞት ሲል ነው።

አክስቴ ነቅታ ጠበቀችኝ። ስለ ደሳለኝ ነገርኳት፣ ጌታን አመሰገነች። ከዚያ እጄን ያዘችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"የመጀመሪያው ጠርሙስ ጽሑፍ ነበረው?"

"ነበረው። ከነቅጠሉ።"

"ለምን ላጥከው?"

"ቅጠሉን ካየሽ ትጥይዋለሽ ብዬ።"

"እጥለው ነበር" አለች። "ጣቴን ያመኝ ነበር፣ ደሳለኝም ረቡዕ መርፌውን ይወጋ ነበር።"