የጋሽ ይርሳው አምፕሊፋየር

ዛሬ ልጄ ግቢያችን ውስጥ የመኪናዬን ዳሽቦርድ ፈታትቶ አምፕሊፋየር ሲገጥም ዋለ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ እስከ በረንዳው መጣና፣ ደክሞኝ ከተዘረጋሁበት ወንበር አንስቶ የጋሽ ይርሳው ሚኒባስ ውስጥ ወረወረኝ።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ይርሳው ፍኖተ ሰላም ጎረቤታችን ነበር። በሚኒባሱ ሰው እየጫነ ቡሬ ይመላለሳል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም አብሬው እመላለሳለሁ። ሚኒባሱ ናፍጣ፣ አቧራና በርበሬ ይሸታል። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቴፕ ደግሞ ድምፁ የታመመ ዝንብ ነው።

እናቱ እማማ ጥዑሜ መንገዱ መሃል ካለችው ማንኩሳ ሳይደረስ ዳገቱ ላይ ይኖሩ ነበር። መንገድ ልጃቸውን የሚበላባቸው ይመስላቸዋል። በየጧቱ በምርኩዝ ወርደው፣ ዝናብም ይሁን ውርጭ፣ ሚኒባሱ በደህና ሲያልፍ ካላዩ አይመለሱም። አንድ ክረምት ሳንባ ምች ጣላቸው።

“እማዬ፣ ከቤትዎ አይውጡብኝ። ዘፈኔን ሲሰሙ ደህና ነኝ ማለት ነው” አላቸው። እሺ አሉ። ያ ቴፕ ግን እንኳን ዳገት ሊወጣ የኋላ ወንበርም አይደርስ!

ቡሬ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ቴፑን ሳይነቅል ከስፒከሮቹ ገመድ ጋር አገናኝቶ፣ አምፕሊፋየር የሚሉትን ድምፅ ማጉያ ከወንበር ሥር ቀበረለት። ሲከፈት፣ እመኑኝ፣ የማንኩሳ ዶሮዎች ሊጥሉ ያሰቡትን እንቁላል ትተው ይሮጡ ነበር። ጠጋኙ ግን የሞተሩ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ መጥፋት የነበረበትን ቀጭን ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ አስሮት ኖሮ፣ መኪናው ሲቆም አምፕሊፋየሩ አይተኛም፤ ባትሪውን ሲመጥ ያድራል። ጧት ጧት መግፋት የተሳፋሪው ዕጣ ሆነ። ያ ሚኒባስ በናፍጣ ከሄደው በጫንቃችን የሄደው ይበልጣል።

“ግፉ እንጂ፣ ቁርስ አልበላችሁም?” ይላል ጋሽ ይርሳው ከመሪው።

“በልተን ነበር፣ መኪናህ ጨረሰብን!” ትለዋለች አንዲት የበርበሬ ነጋዴ።

ተሳፋሪዎቹ አምፕሊፋየሩ ይፈታልህ ሲሉት፣ “በተፈታ ቀን እማዬ መንገድ ቢወጡስ?” ይላል።

አንድ ማክሰኞ ግን ተገፍቶም እምቢ አለ። ባትሪ ሊገዛ በሌላ መኪና ቡሬ ሲሄድ ተከተልኩት፤ መንገድ ላይ ወርደን በጭንቀት ዳገቱን ወጣን። እማማ ጥዑሜ ደጃፋቸው ተቀምጠዋል።

“እማዬ፣ ዛሬ እኮ…” ብሎ ሳይጨርስ እጁን ያዙት።

“ሰማሁህ እንጂ! እንደ ሁልጊዜው ጧት ስታልፍ ቤቱን አንቀጠቀጥከው። አንተ ብቻ አትጨነቅ፣ ልጄ።”

ሚኒባሱ ያን ጧት ከፍኖተ ሰላም አልተነቃነቀም፤ ጆሯቸው ከመቼ ወዲህ እንደተዘጋ እግዜር ይወቅ። ጋሽ ይርሳው አላስተባበለም። መሬቱ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለ፤ ባትሪውን የገዛነው ከሰዓት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሽቦው ተስተካከለ፣ ድምፁም ዝቅ አለ። ሚኒባሱ በየጧቱ ዳገቱ ሥር ይቆማል፤ ጋሽ ይርሳው ወጥቶ ለእናቱ ታይቶ ይመለሳል። ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ እግሩን ማፍታታት ለመደ። እሳቸው ካረፉም በኋላ፣ እዚያ ስንደርስ የጋሽ ይርሳው እግር ሳያዘው ፍሬን ላይ ይሄድ ነበር።

“አባዬ፣ ይሰማል?” አለኝ ልጄ ከመኪናው ውስጥ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲለፋ ውሏል። የኔ ጆሮ ደግሞ ከወገቤ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

“ቤቱን አንቀጠቀጥከው!” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። የአምፕሊፋየሩ ገመድ ገና ሳይቀጠል እጁ ላይ ነበር። መፍቻውን አስቀመጠና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።