ሄለን ሞጣ ሜዳ ላይ ያለቀሰች ዕለት

ስጦታው ቢቸና ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። እጁ ለብረት የተፈጠረ ነው ይሉታል፤ ልቡ ግን ኳስ ላይ ነበር። በወጣትነቱ ለከተማው ቡድን ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳና ቀረበት። ልጁ ሄለን በአምስት ዓመቷ የካልሲ ኳስ እየነዳች ስትሮጥ ባያት ቀን፣ «እኔ የጀመርኩትን ይቺ ትጨርሰዋለች» አለ።

ጎረቤት ሳቀበት። አማቱ ቄስ ገብረ ማርያም ተቆጡት። እሱ ወይ ፍንክች! «ልጄ ከወንድ በምን ታንሳለች?» እያለ ከሰው ሁሉ ተሟገተላት። እንዲህ የተሟገተላት ልጅ ከማንም አስበልጣ እንደምትወደው ለአፍታም ተጠራጥሮ አያውቅም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ልምምዱ ከረረ። ወፍ ሳይንጫጫ ይቀሰቅሳታል። ወገቧ ላይ ገመድ አስሮ፣ የባጃጅ ጎማ እያስጎተተ ዳገቱን ያስወጣታል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ በኖራ ያሰመረውን ክብ በግራ እግሯ እስክትመታ ድረስ ውሃ የለም። እሑድም ሥራ ነው። በዓቢይ ጾም እንቁላል ቀቅሎ ሲያበላት እናቷ ሰገነት ጮኸችበት።

«ልጅቱን ገደልካት እኮ! ደብተሯ ላይ ተኝታ ነው የማገኛት።»

«ዝም በይ፤ ነገ በቴሌቪዥን ስታዪያት ታመሰግኚኛለሽ።»

ሄለን ግን አንድም ቀን እምቢ ብላ አታውቅም። መልሷ ሁልጊዜ «እሺ አባዬ» ነበር።

ባለፈው መስከረም ሞጣ ላይ ለታዳጊ ሴቶች ካምፕ ምልመላ አለ ተባለ። ስጦታው ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ልጁን ይዞ ሄደ። ያን ቀን ሄለን ጉድ አሰኘች። በቁመት የሚበልጧትን ልጆች እያለፈች ደጋግማ አገባች። ተመልካቹ «የማን ልጅ ናት?» ሲል ስጦታው ደረቱን ነፍቶ «የኔ!» አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ የካምፑ አሰልጣኝ አካለ ወልድ ጠጋ አለና ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ጎበዝ ነሽ። ካምፕ ብትገቢ ግን ከእናት ከአባትሽ ርቀሽ ነው የምትኖሪው። አትፈሪም?»

«አልፈራም፤ ዛሬውኑ ልግባ» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እዚያ እሑድ ይታረፋል አይደል?»

አካለ ወልድ ሳቀ። «ይታረፋል እንጂ! ግን ዕድሜሽ ገና ነው፤ የምንወስደው ከአሥራ ሁለት ጀምሮ ነው። ለአሁኑ ከአባትሽ ጋር ተመለሽና...»

አልጨረሰም። ሄለን ጃኬቱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ እያለቀሰች ጮኸች።

«ጋሼ፣ በማርያም! ቤት እጠርጋለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ እዚሁ ያስቀሩኝ! ከአባዬ ጋር አልመለስም!»

ስጦታው የሰማው የልጁ ቃል አልመሰለውም፤ የሌላ ሰው ልጅ የምትጮህ መሰለው። «ነይ የኔ ልጅ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ አሰልጣኙ ጀርባ ተሸሸገች።

«ሰውዬ፣ ይቺን ልጅ ምን አድርገሃት ነው?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

መትቷት አያውቅም። ጦሟን አሳድሯት አያውቅም።

በስንት ልመና አውቶቡስ ውስጥ ገባች፤ የተቀመጠችው ግን ከማታውቃት ሴት ጎን ነው። ጉንደ ወይን ሲደርሱ ስጦታው ብርቱካን ገዝቶ ሰጣት። «አመሰግናለሁ አባዬ» ብላ ተቀበለችና ሳትልጠው ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ያቺ ጨዋ ቃል ከጩኸቷ ባሰችበት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ሊቀሰቅሳት አልነበረም፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው። በሩን ሲከፍት ሄለን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ጫማዋን አስራ፣ ገመዱን ራሷ ወገቧ ላይ ቋጥራ። ብርዱ ከንፈሯን አጥቁሮታል።

«አባዬ፣ ትናንት ያልኩት ተሳስቼ ነው። እሮጣለሁ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቋጠሮውን ሊፈታ ቢታገል፣ ብረት የሚያጣምመው እጁ እምቢ አለው። ሰገነትን ጠራት፤ እሷ ፈታችው።

«ሂጂ ተኚ» አላት።

«ትቆጣኛለህ?»

«አልቆጣሽም።»

ተኛች፤ ጫማዋን ግን አላወለቀችም።

ከዚያ ወዲህ ስጦታው ስለ ኳስ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሄለንም አሁን እስኪነጋ ትተኛለች። እሱ ወደ ቤት ሲገባ ግን ዛሬም ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። የሚያዩ ጎረቤቶች፣ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ነች የወለድከው!» ይሉታል። ስጦታው አንገቱን ይደፋል።