ለወደቀው የሚነሱት አያቴ

አያቴ እንጅባራ ቤታችን ሬስሊንግ ሲያዩ ለአሸናፊው አጨብጭበው አያውቁም። በጀርባው የወደቀው ሲነሳ ግን ከወንበራቸው ብድግ ይሉለት ነበር። አሜሪካኖቹን «ወሬያቸው ይበዛል» ይሏቸዋል፤ የሚወዱት ተደባድበው ሲያበቁ ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሱትን ጃፓኖች ነበር።

አንድ ቀን «አባባ፣ ድራማ እኮ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ተስማምተዋል» አልኳቸው።

በጎረምሳነታቸው ጉግስ ላይ ፈረስ ጥሏቸው የተሰበረውን ትከሻቸውን እያሻሹ፣ «እነሱስ ይስማሙ፤ መሬቱ ተስማምቷል ወይ?» አሉኝ።

አርባቸው ገና አልወጣም። ትናንት ቴሌቪዥኑን ስከፍት አንድ ሽበታም ጃፓናዊ ከገመዱ ላይ ተወርውሮ ወደቀ፤ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ። ባዶው ወንበራቸው አጠገብ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

እናቴ ወደ በሩ ዞር ብላ «ማን መጣ?» አለችኝ።